የቀበሌ ዘጠኝ መላሽ

ይመርን የሰደበው ዶክተር አቤሴሎም ነው። ቀኑ ጥር ሃያ፣ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ቦታው የዩኒቨርሲቲው የብሮድካስት ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል አዳራሽ፣ ሰበቡ ደግሞ የወላጆች ቀን። ይመር ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ዶክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን አበራ። ግድግዳው ላይ ባለ ሰማያዊ መስመር ሸሚዝ የለበሰ ሰው መጣ፤ ይመር ራሱ። "እንደ አንድ ነዋሪ በጣም ደስተኛ ነኝ" አለ ሰውየው፤ ስለ መንገድ ነው። ምስሉ ተቀየረና "እንደ አንድ ነዋሪ በጣም ደስተኛ ነኝ" አለ ደግሞ፤ ስለ ጤና ጣቢያ ነው። ፀጉሩ ሳሳ፣ ሽበት ወጣው፣ አንድ ጥርሱ ወለቀ። ሸሚዙ ግን ያው፣ ቃሉም ያው። ስለ ዘይት፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ውሃ። አዳራሹ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ኋላ አውካካ።

"ይሄ ሰው አይደለም" አለ ዶክተር አቤሴሎም፣ ሳቁ ጋብ ሲልለት። "ይሄ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ፊት ቆማችሁ ብትጮኹ የሚመለስላችሁ የገዛ ድምፃችሁ ነው። እኛ እዚህ ያስገባናችሁ ሰው እንድትጠይቁ ነው። ግድግዳ ጠይቆ የመጣ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ማርክ አያገኝም።"

ወላጆች አጨበጨቡ። ተማሪዎች እንደገና ሳቁ። ፊት ለፊት፣ ከረድፉ ጫፍ ላይ፣ አፏን በእጇ ሸፍና ከሚስቁት አንዷ ሂክማ ነበረች። ሂክማ ይመር። ልጁ።

ይመር ስድብ አይረሳም። ሌላው ሰው የሰርጉን ቀን እንደሚያስታውስ እሱ የተሰደበበትን ቀን ያስታውሳል። ስምንተኛ ክፍል ሳለ የሒሳብ አስተማሪው ጋሽ ሲራክ "አንተ ለወሬ ካልሆነ ለምን ትሆናለህ?" ያሉት የሁዳዴ መግቢያ ሰኞ ነው። ደብተሩን ዴስኩ ላይ ጥሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። የሚስቱ ወንድም "እህታችንን ለፍራሽ አዳሽ ሰጠናት" ያለው በኒካሁ ዕለት፣ ምግቡ ገና ከፊታቸው ሳይነሳ ነው። ሁሉንም እንደ ጠጠር በኪሱ ይዞ ይዞራል። የጥር ሃያው ግን ከሁሉም ይከብዳል። በሌሎቹ ልጁ አልሳቀችባቸውማ።

ስብሰባው ሲበተን ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ይመር ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ ብብቱ ሥር ትራስ ይዞ ነበር፤ ጥጡን በእጁ ዘርዝሮ፣ ራሱ ሰፍቶ ያመጣላት። ሂክማ ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ። ከጎኗ ሮቤል የሚባል የክፍል ጓደኛዋ አለ።

"ሂኪ፣ እኚህ ማን ናቸው?" አለ ሮቤል።

"የሰፈራችን ሰው ናቸው" አለች። "አባቴ... ዕቃ ልኮልኝ ነው።"

"ውይ! የኮምቦልቻ ፍራሽ ነጋዴ ልጅ መሆን እንዲህ ነው! እኛ ቆሎ ይላክልናል፣ ላንቺ ትራስ!"

ይመር ያኔ ነው ልጁ አባቷን ኮምቦልቻ ላይ የፍራሽ መደብር ያለው ባለጠጋ አድርጋ እንዳወራች የገባው። ሙያ ነውና አፉ አልተሳሰረም። ማንም ሳይጠቁመው መለሰ፦

"አባትየው ናቸው የላኩኝ። ሥራ በዝቶባቸው ነው እንጂ ራሳቸው ይመጡ ነበር። ሰላም በላት ብለውኛል።"

ትራሱን ሰጥቷት ወጣ። ደሴ እስኪገባ አውቶቡሱ ውስጥ መልሱን በልቡ ደጋገመው። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ከጥሩነቱ ብዛት አሳፈረው።

ይመር መላሽ ነው፤ የቀበሌ ዘጠኝ መላሽ። ዜናውን የሚጽፈው ማሽን ነው፣ የሚያነበውም ማሽን። ማታ ማታ የምታነበው ሴትዮ ከሞተች ቆይታለች፤ ድምፅዋ ግን ጉንፋን እንኳ ሳይዘው ሥራውን ይሠራል። ሕዝቡ ይህን ሲያውቅ ዜና ማመን ተወ። ስለዚህ በያንዳንዱ ዜና መጨረሻ አንድ ሥጋ የለበሰ ነዋሪ ቆሞ እንዲመሰክር ሕግ ወጣ። ሥጋ የለበሰ ሁሉ ደግሞ ለካሜራ አይመችም፤ አንዱ ይንተባተባል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ያልተጠየቀውን ይዘባርቃል። በመጨረሻ ለየቀበሌው አንድ አንድ መላሽ ተቀጠረ፤ ደመወዝ ከነሸሚዙ።

ጠዋት ከፈጅር ሶላት በኋላ ሸሚዙን ይለብሳል። መስተዋቱ ጥግ ላይ የቴሌቪዥን ጣቢያው የላከው የዕለቱ ጉዳይና ስሜት ይወጣል። መንገድ፤ እርካታ። ወይም የኑሮ ውድነት፤ ተስፋ። ቁጣ የሚል መጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን "መጠነኛ ቅሬታ" የሚል መጣና ይመር እንዴት እንደሚደረግ ጠፋው፤ ጨነቀውና ሳለ። ሳሉ ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ የጣቢያው ንብ ትመጣለች፤ የሰፈሩ ሰው በራሪዋን ካሜራ ንብ ነው የሚላት፣ ስትቀርብ እዝዝ ስለምትል። ይመር ደጁ ላይ ከተተከለለት የፕላስቲክ አቮካዶ ዛፍ ሥር ይቆማል፣ ይመልሳል፣ ገብቶ ቁርሱን ይበላል። ገበያ ሲወጣ ዘንቢል ሻጩም ሊስትሮውም "እንደ አንድ ነዋሪ!" እያሉ ይቀበሉታል። ይስቃል። ምን ያድርግ፣ ይስቃል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሂክማን ያሳደገው በዚህ አፉ ነው። ጋዜጠኝነት እማራለሁ ስትለውም ደስ አለው። ማሽን ሁሉን ከያዘ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ለልጆቹ የሚያስተምረው ማሽን የማይችለውን ብቻ ነው። ደጃፍ ማንኳኳት አንድ ኮርስ ነው። ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ሌላ ኮርስ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው በእሱ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ወደየከተማው ይበተናሉ። ከየክፍሉ አንድ ተማሪ ደግሞ ውጭ አገር ይላካል፤ ወደ ዛንዚባር። እዚያ ዜና በሰው የሚነበብበት አንድ ጣቢያ ቀርቷል አሉ፤ አንባቢው የሚያስነጥስበት፣ የሚሳሳትበት፣ ይቅርታ ብሎ እንደገና የሚጀምርበት። ሂክማ ይህን ስታወራ ዓይኗ እንደ ሕፃን ይሆናል። "አባ፣ መሳሳት ሊያስተምሩኝ እኮ ነው!" ትለው ነበር። "እሱንስ እኔም አስተምርሽ ነበር" ይላታል። ይሳሳቃሉ። ይህ ከጥር በፊት ነው።

አሁን አንድ ነገር አለ፣ ይመር ለማንም ያልነገረው።

ዶክተር አቤሴሎም አዳራሹ ውስጥ ያሳየው ተከታታይ ምስል የሚጀምረው ከሁለተኛው መልስ ነው። የመጀመሪያው የለም። ይመር የገዛ ፊቱ ነውና ወዲያው አውቆታል። የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው ደሴ ፒያሳ፣ የመደብሮቹ በረንዳ ላይ ነው። ይመር ያኔ ሸሚዝ ቀርቶ ደህና ሹራብ እንኳ የለውም፤ ፍራሽ አዳሽ ነው፣ ጥጥ እየደበደበ የሚያናፍስ። ለተግባር ልምምድ የመጣ ጎፈሬ ተማሪ በካፊያ እየበሰበሰ መንገደኛውን ይለምናል። አንድም ሰው አልቆመለትም። ይመር አሳዘነውና ዱላውን አስቀመጠ።

"ስለ አዲሱ መንገድ ምን ይሰማሃል ጋሼ?" አለው ልጁ።

"መንገዱ የእናቴን ግቢ በላው። ካሳ ብለው እስከዛሬ..."

"እሱን ተወው። መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው። 'እንደ አንድ ነዋሪ በጣም ደስተኛ ነኝ' በለኝ፤ አለቀ።"

"እናቴ እኮ ..."

"በናትህ ጋሼ! ውጭ አገር የምሄድበት ሥራ ነው።"

ይመር እንደተባለው አለ። አላማረም፤ ደገመ። ፈገግ ብለህ በል ተባለ፤ ፈገግ ብሎ አለ። ልጁ ዘሎ ትከሻውን መታው። "ጎሽ! አንተ ለዚህ ነው የተፈጠርከው!" ልጁ አቤሴሎም ይባላል። በዚያ ሥራ ውጭ አገር ሄደ፣ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። ጣቢያው ደግሞ ፊቱን ወደደውና ይመርን ደግሞ ደጋግሞ ጠራው።

የሚያሳፍረው የእናቱ ግቢ አይደለም፤ የሚያሳፍረው ያ "ጎሽ" ነው። ከጋሽ ሲራክ ስድብ ወዲህ ማንም ጎሽ ብሎት አያውቅም ነበር። ጣፈጠው። የእናቱን ግቢ በጎሽ ሸጠው፤ ማታ ቤት ገብቶ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

እንግዲህ ከጥር ሃያ በኋላ ለዶክተሩ መልስ ሲያዘጋጅ ከረመ። እስከ ግንቦት ድረስ አረቀቀው። ልብሱን እያጠበ ይለዋል፣ ሽሮውን እያማሰለ ይለዋል። "ዶክተር፣ ግድግዳ ብለውኛል። ግድግዳውን የመረጉት እርስዎ ነዎት። ያ ካፊያ ትዝ ይልዎታል?" ይህችን ነው የሚላት። አንድ ቀን ንብ ፊት አቁሞኝ ቢጠይቀኝ፣ ይል ነበር በልቡ፣ አገር እየሰማ ባፈነዳት።

ግንቦት ላይ የጣቢያው ጉዳይ ውሃ ሆነ። ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ ቀበሌ ዘጠኝ ድረስ አዲስ መስመር ተዘረጋ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ቦኖው ቀለም ተቀባ። ውሃው ብቻ አልመጣም። መስተዋቱ ግን "ውሃ፤ እፎይታ" አለ። ይመር አቮካዶው ሥር ቆሞ "ውሃው ደጃችን ደርሶልናል፤ እንደ አንድ ነዋሪ በጣም ደስተኛ ነኝ" አለ፣ ገብቶ ቁርሱን በላ።

ጎረቤቱ እቴቴ ዘምዘም ከታች ከወንዙ ቢጫ ጀሪካን አዝላ የምትወጣ ሴት ናት። ዕድሜዋ ከእሱ ይገፋል። በዚያ ቀን ግን ባዶውን ነበር የያዘችው። ደጁ ላይ ቆማ ክዳኑን ከፈተችና ጀሪካኑን ጫማው ላይ ገለበጠችው። ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ይኸው" አለችው። "እግርህ ራሰ?"

"እቴቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን..."

"አይ፣ ራሰ ወይ ነው የምልህ? አንተ ደርሶናል ካልክ እኔ ማን ነኝ አልደረሰም የምል! ምናልባት በአፍህ በኩል ነው የሚመጣው፤ እስቲ ተፋልን እንቅዳ።"

ሰፈሩ ሳቀ። ይመርም እንደ ልማዱ ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልወጣ አለው።

ሂክማ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው፤ ቀን፣ ከአስር ሰዓት በኋላ። ከጥር ወዲህ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ለማውለቅ ብዙ ቆየች።

"ግቢ እንጂ። እንግዳ ነሽ እንዴ?" አላት።

"አባ፣ የልምምድ ምደባ ወጣ።"

"የት ደረሰሽ?"

"እዚሁ ደሴ።"

"አልሐምዱሊላህ! ከቤትሽ እየተመላለስሽ ..."

"ቀበሌ ዘጠኝ፣ አባ።" መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ዶክተር አቤሴሎም ነው የመደበኝ። 'ግድግዳውን አናግሩት፤ ከግድግዳው አንዲት እውነት ያወጣ ተማሪ ዛንዚባር ይሄዳል' አለ። ሁሉም ፈሩ። እኔ እጄን አወጣሁ።"

ይመር ንቧን አሰበ። የዩኒቨርሲቲው ንብ እንደ ጣቢያዋ አይደለችም፤ ሆዷ ላይ መብራት አላት። ሰው ከልቡ ሲናገር ነጭ ታበራለች፣ ሲዋሽ ቢጫ። ጣቢያው እንዲህ ዓይነቷን ለምን እንደማይገዛ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

"ልጅ ከአባቷ ቃል መቀበል ይፈቀድላታል?"

"የዘመድ ቃል አይቆጠርም። ካወቁ ከልምምድም ከትምህርትም ያባርሩኛል።"

"ዶክተሩ ስምሽን አይቶ አልጠረጠረም? ሂክማ ይመር እያለ ይጠራሽ የለ?"

"አየ። 'ወሎ ውስጥ አባቱ ይመር ያልሆነ ማን አለ' ብሎ ቀለደ። ሳቅን።"

"አዎ፣ ሳቅ ትወዳላችሁ" አለ ይመር።

ሂክማ አንገቷን ደፋች። "አባ፣ የዚያን ቀን ..."

"በሶ ልበጥብጥልሽ?"

"አባ፣ ስማኝ ..."

"ማር አለ። ከነማሩ ልበጥብጥልሽ።" ተነስቶ ጀርባውን ሰጣት። ስለ ሳቋ ቃል ከወጣት ይቅር ማለት ሊኖርበት ነው፤ ይቅር ካለ ደግሞ ምን ይዞ ይኖራል?

በሶውን ስትጠጣ ነገሩን ጨረሰችው። "ነገ ቦኖው ጋ ነው። ስመጣ አታውቀኝም። አቶ ይመር እያልኩ፣ በእርስዎ ነው የማናግርህ።"

"ክብር ጨመርሽልኝ እንጂ ምን አጠፋሽ።"

"ስለ ውሃው ስጠይቅህ እውነቱን ትናገራለህ?"

"ከተናገርኩ ሸሚዙን ይገፉኛል፤ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"በምን እንደምንበላስ?"

ሂክማ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጠርዙን ታሽከረክራለች፤ እናቷም ስትጨነቅ እንዲህ ታደርግ ነበር።

"አብሽሪ" አላት። "ፍራሽ ዛሬም ይታደሳል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከነገ በኋላስ? እስከመቼ ሳላውቅሽ ልቆይ?"

ሂክማ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች። ያረፈችው ሆቴል ነው፤ የልምምድ ተማሪ ከዘመድ ቤት አያርፍም።

በማግሥቱ ይመር ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰና ወደ ቦኖው ወረደ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። እቴቴ ዘምዘም ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣለች። ሲያልፍ ጠራችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

"ልጅህ ትናንት በየቤቱ ዞራ 'ነገ አናውቃትም በሉ' አለችን።"

"እና?"

"እኛማ አናውቃትም። ጡት ያጠባኋት እኔ አላውቃትም! ጉድ እኮ ነው። አንተስ ይቻልሃል?"

"ሙያዬ ነው፣ እቴቴ።"

"ሙያህ ይደርቅ!" አለች፤ ግን እንደ ሌላ ቀን አልነበረም አባባሏ።

ሂክማ ከላይ መጣች፤ አንገቷ ላይ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ፣ ከትከሻዋ በላይ ንቧ። ሊስትሮው አያት፣ አላያትም። ዘንቢል ሻጩ ሌላ ጊዜ ከሩቅ "ሂክሚቲ!" የሚላት ሰው ዘንቢሉን ይቆጥር ጀመር። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። በሐሰቱ ይስቅበት የነበረ ሰፈር ዛሬ ለእሱ ሲል ይዋሻል።

"አቶ ይመር፣ እንደምን አደሩ?" አለች ሂክማ። እጇን ዘረጋች። ጨበጣት። እጇ በረዶ ነው።

"ደህና፣ አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ልጅ" አለ፤ ለማንኛዋም ወጣት ሴት የሚባል ቃል ነው። ንቧ ነጭ አበራች። ሁለቱም ደነገጡ።

ከንቧ ሆድ የዶክተር አቤሴሎም ድምፅ ወጣ፤ ክፍሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ሆኖ እያየ ነው። "ጥሩ ጅምር ነው። ሰላምታው እንኳ ከልቡ ነው። ቀጥይ።"

"አቶ ይመር፣ አዲሱ የውሃ መስመር ለሰፈሩ ምን አመጣ?"

ይመር ቦኖውን አየ። አፉ በልማድ "እንደ" ብሎ ጀመረ። "እንደ አንድ" አለ። ንቧ ወዲያው ቢጫ አበራች። ከንቧ ሆድ የተማሪዎች ሳቅ ተሰማ። ይመር አፉን ዘጋ። ቦኖው ጋ ሄዶ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ቧንቧው እንደ አሮጌ ሰው ሳለ፤ አንድ ሸረሪት ወጣ።

"ይኸው" አለ። "ያመጣው ይሄን ነው። ውሃ አልመጣም። መጥቶ አያውቅም። ደርሶናል ያልኩት እኔ ነኝ። እኚህ ሴትዮ በስተርጅና ከወንዝ ውሃ አዝለው እየወጡ፣ እኔ እዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ ደርሶናል አልኩ። ዛፉም የውሸት ነው። ውሃ አይጠጣም፤ እሱ አልቸገረውም።"

ሳቅ የለም። መብራቷ ነጭ ሆና ቀረች፤ ሸሚዙ ላይ ሰማያዊውን መስመር አጠፋችው። እቴቴ ዘምዘም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ወዲያው ደግሞ "አቧራው" አለች።

"ድንቅ!" አለ የዶክተሩ ድምፅ። "ሂክማ፣ ከግድግዳ ሰው አወጣሽ! ተማሪዎች፣ አያችሁ? ዛንዚባር ያንቺ ናት፣ ጨርሰሻል።"

የሂክማ ትከሻ ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ይመርም ጉዳዩ ያለቀ መሰለው። ሊሰናበታት እጁን ሊዘረጋ ነበር።

"ቆይ" አለ ድምፁ። "አትልቀቂው። አሁን ነው የተከፈተልሽ፤ ጥሩ ጋዜጠኛ በር ሲከፈት ይገባል። አንድ ጨምሪበት። ልጅ አለው ወይ በይው። ካለው፣ ልጁ በሥራው ያፍርበታል ወይ? ይህች ናት ሥራሽን የምታሟላው።"

ሂክማ ማይኩን ዝቅ አደረገች።

"ሂክማ? ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ ዶክተር።"

"ጠይቂው እንጂ። ጠያቂ እኮ አያዝንም።"

ቦኖው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ዘንቢል ሻጩ መቁጠሩን ተወ። ሂክማ ማይኩን ከፍ አደረገች።

"አቶ ይመር ... ልጅ ... ልጅ አለዎት?"

ይመር ዓይኗን አየ።

"ልጅዎ ... ታፍርብዎታለች?"

መጀመሪያ ቃሉ የዶክተሩ መሰለው። ቀጥሎ ግን ዓይኗ ውስጥ ያለውን አየ፤ ልጅቷ ከልቧ ነው የምትጠይቀው፤ ታፍርብኛለች ብለህ ታምናለህ ወይ ነው የምትለው። ኮሪደሩ ላይ፣ በሶው ላይ ልትጠይቀው ስትፈልግ አፏን የያዛት ጥያቄ ነው። መልሱን ልታውቅ ትፈልጋለች፤ መልሱንም ትፈራለች።

የለኝም ቢል ንቧ ቢጫ ታበራለች፤ ውሃውም ሸረሪቱም ዛንዚባሩም ውሸት ሆኖ ይቀራል። አለኝ ቢል ዶክተሩ ማን ናት፣ የት ናት ማለቱ አይቀርም። ደግሞስ ያቺ እስከ ግንቦት ያረቀቃት ቃል! ይኸው ንቧ፣ ይኸው ዶክተሩ፣ ይኸው አገር ሁሉ እየሰማ። ግድግዳውን የመረጉት እርስዎ ነዎት። ቢላት መብራቷ ነጭ ሆና እንደምትበራ ያውቃል። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ ጣዕሟ ሁሉ ይሰማዋል፣ እንደ ያን ጊዜው ጎሽ ትጣፍጣለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ወሬው ሁሉ የዶክተሩና የመላሹ ይሆናል። ማን ጠየቀው? ማን ናት? የማን ልጅ ናት?

"ይመልሳል" አለ የዶክተሩ ድምፅ፣ ለክፍሉ። "ታገሡት። መላሽ ሳይመልስ አያድርም።"

ይመር አፉን ከፈተ። ሂክማ ማይኩን አስጠግታ ቆማለች፤ እናቷ ብርጭቆ እንደምትይዘው በሁለት እጇ ይዛዋለች።

አፉን መልሶ ገጠመው።

የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ ለእቴቴ ዘምዘም ራሱን ነቅነቅ አደረገላትና ዞረ። ወደ ሰኞ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት መራመድ ጀመረ። ንቧ ፊት ለመከተል የተሠራች ናትና ተከተለችው፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ዞራ ፊቱን ፈለገች። ፊቱን አዙሮ አለፋት። "አቶ ይመር!" አለ ከሆዷ የዶክተሩ ድምፅ። "ሰውዬ! ጥያቄ ተጠይቀሃል እኮ!" ቃል የለምና የምታበራው ነገር አልነበራትም፤ ነጭም ቢጫም አይደለችም። ከመታጠፊያው ጋ ስትደርስ ተመለሰች።

ከኋላው ወደ ቁልቁለቱ አፋፍ የሚሮጥ እግር ተሰማው፤ ቀላል እግር ነው፣ ያውቀዋል። አፋፉ ላይ ቆመ። ትንፋሽ ስትስብ ሰማ፣ ልትጣራ።

ይመር እርምጃውን አፈጠነ። በየትኛው ስም እንደምትጠራው፣ አባ ብላ ይሁን አቶ ይመር፣ ሳይሰማ ሊርቅ።